ፎርሙ ላይ የሌለ እምነት

«ቻይናዎች ሃይማኖት የላቸውም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። መንገድ ሲቆፈር፣ ፎቅ ሲወጣ፣ ታክሲ ውስጥ የፕሮጀክት ወሬ ሲነሳ አንዱ ጣል ያደርገዋል። ተናጋሪው ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ያየውን ነው የሚያወራው። ሰውዬው እሑድም ዓርብም ይሠራል። አንገቱ ላይ ማተብ የለም። ጾም ሲገባ ምሳው አይለወጥም። ማዕድ ላይ ሲቀመጥ አያማትብም፣ ቢስሚላህም አይልም። እኛ የምናውቃቸው ምልክቶች አንዳቸውም የሉም፤ ስለዚህ መልሱ «የለውም» ይሆናል።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ደግሞ፣ ምንም ያህል በሚያምር ስም ብንጠራው፣ ፎርም መሥራት ነው። ስለዚህ ይህን አስተሳሰብ በደንብ አውቀዋለሁ። ጭንቅላታችን ውስጥ አንድ ዝርዝር አለ፤ ሰውየው ከዝርዝሩ አንዱንም ካልነካ «ባዶ» ተብሎ ይመዘገባል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ግን ባዶ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። አንደኛው «ይህ ሰው ምንም የለውም» ነው። ሁለተኛው «ይህ ሰው ያለውን ነገር የምጽፍበት ቦታ የለኝም» ነው። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ዳታቤዝ ላይ ሲሆን ስህተት ይባላል። ሰው ላይ ሲሆን ግን በደል ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ባዶ ነው። አንድ ሰው ምን እንደሚያምን የመናገር ሥልጣን የማን ነው? የአማኙ የራሱ? የወለዱት ወገኖቹ? ወይስ ፎርሙን የሠራው መዝጋቢ? ጥያቄው የትም አገር አለ። ቻይና ውስጥ ግን በትልቁ ተጽፎ ይነበባል፤ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ፣ የሺህ ዓመታት እምነቶች፣ እና በጣም አጭር ዝርዝር ያለው መንግሥት አንድ ላይ የተገናኙት እዚያ ነው። (ዓመቶቹ፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዱን ብቻ ምረጥ

በቁጥር እንጀምር። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል በ2023 ስለ ቻይና ያወጣው ዘገባ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስል ነገር ይዟል። በ2018 በተደረገ ጥናት ሃይማኖት አለኝ ብሎ የአንዱን ስም የጠራው ከአሥር አዋቂዎች አንዱ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ጥያቄው ተቀይሮ በቡድሃ ወይም በቦዲሳትቫ ያምኑ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን 33 ከመቶው «አዎ» ብለዋል። በዓመት ቢያንስ አንዴ የቤተሰቡን መቃብር የሚጎበኘው ደግሞ 75 ከመቶ ነው።

እዚህ የተለወጠው ሕዝቡ አይደለም። ጥያቄው ነው።

አንዱ ምክንያት ቃሉ ውስጥ አለ። በዛሬው ቻይንኛ ሃይማኖት ማለት «ዞንግጂያኦ» ነው። ይህ ቃል በዚህ ትርጉሙ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጃፓን ነው፤ ጃፓኖቹ ደግሞ የምዕራባውያኑን ቃል ለመተርጎም የተጠቀሙበት ነበር። ስለዚህ ቃሉ ሲመጣ ዕቃውን ጠቅልሎ ነው የመጣው፦ አባልነት፣ ካህን፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ማኅበር። ከዚያ በፊት የነበረው የተለመደ ቃል «ጂያኦ» ነው፤ ትምህርት ማለት። የኮንፊሽየስ ትምህርት፣ የዳዎ ትምህርት፣ የቡድሃ ትምህርት። ትምህርት ከሆነ ደግሞ ከሦስት መምህር መማር ክህደት አይደለም።

የእኛ ቃል ሌላ መንገድ ነው የሄደው። «ሃይማኖት» ከ«እምነት» ጋር አንድ ሥር ይጋራል፤ ገና ከአፋችን ሲወጣ «ማንን ታምናለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠብቀውም አንድ መልስ ነው። «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ «እንደ ሁኔታው» ብሎ የሚመልስ ሰው ቢገጥመን እንስቃለን፣ ወይም እንቆጣለን።

እስቲ ፉጂየን በምትባለው የቻይና የባሕር ዳር ክፍለ ሀገር የምትኖር አንዲት አሮጊት አስቡ። ልጇ ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ የባሕር ጠባቂ ናት ለምትባለው ለማዙ ዕጣን ታጨሳለች። በሚያዝያ መግቢያ በቺንግሚንግ በዓል የአማቶቿን መቃብር ትጠርጋለች፣ ምግብም ታቀርባለች። ባሏ ሲሞት ጸሎት እንዲያደርሱ የቡድሃ መነኮሳት አስመጣች። ሥነ ምግባሯ፣ ለወላጅ ያላት ክብር፣ ከታላቅ ጋር አነጋገሯ የኮንፊሽየስ ነው። ይቺ ሴት «ሃይማኖትሽን አንዱን ብቻ ምረጪ» የሚል ፎርም ቢሰጣት «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት ብታደርግ አይገርምም። አልዋሸችም። ፎርሙ ነው የሚዋሸው፤ «የሚመለከትሽን ሁሉ ምልክት አድርጊ» ማለት ሲገባው «አንዱን» አላት።

ይህ የአሮጊቶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጳጳሳትንና ነገሥታትን ያጣላ ጉዳይ ነው። ማቴዎ ሪቺ የተባለው ጣልያናዊ ኢየሱሳዊ በ1601 ቤጂንግ ገብቶ ተቀመጠ። እሱና ተከታዮቹ የቻይና ክርስቲያኖች ለአባቶቻቸው መታሰቢያ ቢሰግዱ ችግር አላዩም፤ አክብሮት እንጂ አምልኮ አይደለም አሉ። ሌሎች ሚሲዮናውያን ተቃወሙ። ክርክሩ ሮም ድረስ ሄዶ በ1715 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 11ኛ ሥርዓቱን ከለከሉ። ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ውሳኔውን ሲያነብ ተቆጣ፤ ስለ ቻይና ልማድ ቻይናን የማያውቁ ሰዎች እንዴት ይፈርዳሉ ብሎ በበኩሉ የሚሲዮናውያኑን ስብከት ከለከለ። ቫቲካን ሐሳቧን ቀይራ ክልከላውን ያነሳችው በ1939 ነው። ከ1715 እስከ 1939 ለአያቱ መቃብር አንገቱን ዝቅ ያደረገ አንድ የቻይና ካቶሊክ ኃጢአተኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ያው አንገት ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ ኃጢአት አልሆነም። የሰውየው ልብ አልተለወጠም። የተለወጠው የመዝጋቢው ፍርድ ነው።

አምስቱ

ወደ ዛሬ እንምጣ። የ1982ቱ የቻይና ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የእምነት ነፃነትን ይደነግጋል፤ መንግሥት የሚጠብቀው ግን «መደበኛ» የሃይማኖት እንቅስቃሴን መሆኑን ይጨምራል። መደበኛው የትኛው ነው? በመንግሥት ደረጃ የታወቁት ሃይማኖቶች አምስት ናቸው፦ ቡድሂዝም፣ ዳዎይዝም፣ እስልምና፣ ካቶሊክ እና ፕሮቴስታንት። ለእያንዳንዳቸው መንግሥት የሚያውቀው ማኅበር አለ።

ዝርዝሩን እንደገና አንብቡት። ኦርቶዶክስ የለም። ይህን ከሚያነቡት ብዙዎች ፎርሙ ፊት ቢቆሙ ሳጥን አያገኙም። በቻይና ኦርቶዶክስ የለም ማለት ግን አይደለም፤ በ1685 አልባዚን ከተባለ የድንበር ምሽግ ተማርከው ወደ ቤጂንግ የመጡ ሩሲያውያን ዘሮች እምነታቸውን ይዘው ቻይናዊ ሆነው ኖረዋል። የማዙ እምነትም ራሱን የቻለ ስድስተኛ ሳጥን የለውም። የሚገርመው በ2009 ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በሃይማኖት ስም የራሷ ቦታ ያላገኘች አምላክ በቅርስ ስም አገኘች ማለት ነው።

የቻይና መታወቂያ ላይ ሃይማኖት አይጻፍም። የሕዝብ ቆጠራውም አይጠይቅም። የሚጻፈው ብሔረሰብ ነው፤ በሕግ የታወቁ 56 አሉ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ይዘን ያደግን ሰዎች ይህ መስመር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከ56ቱ አሥሩ የሙስሊም ብሔረሰቦች ተብለው ይቆጠራሉ። ከእነሱ መካከል ከ10 ሚሊዮን በላይ የሆኑት ሁዊዎች ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ትልቅ ምሳሌ ናቸው። ሁዊዎች በአብዛኛው ቻይንኛ ይናገራሉ፣ በመላ አገሪቱ ተበትነው ይኖራሉ። ከብዙኃኑ ከሃን የሚለያቸው በዋናነት እስልምና ነው፤ ከሃይማኖት የተወለደ ብሔረሰብ ናቸው ማለት ይቻላል። ግን መታወቂያው ላይ ከሰፈረ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። በሕይወቱ ሰግዶ የማያውቅ፣ አሳማ የሚበላ ሁዊ እስከ ዕለተ ሞቱ ሁዊ ነው። ትናንት ሸሃዳ የያዘ፣ አምስቱንም ሰላት በሰዓቱ የሚሰግድ ሃን ደግሞ ሃን እንደሆነ ይቀራል። መስመሩ የተፈጠረው እምነትን ተከትሎ ነው፤ አሁን ግን እምነትን አያይም። ደምን ብቻ ያያል።

ይህ መስመር ጥቅም የለውም አልልም። የሁዊ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሐላል ካፌ የሚያገኘው፣ ሬሳን ማቃጠል ደንብ በሆነበት አገር አባቱን በአፈር መቅበር የሚፈቀድለት መዝገብ ላይ ስላለ ነው። መታወቅ መብት ያመጣል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጅማት አውጪዎቹ

አሁን ወደ ካይፈንግ እንሂድ። በቢጫ ወንዝ አጠገብ ያለች፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ዋና ከተማ የነበረች ናት። እዚያ የሰፈሩ አይሁዳውያን ነጋዴዎች በ1163 ምኩራብ ሠሩ፤ ይህን የሚነግረን ራሳቸው በ1489 ያቆሙት የድንጋይ ጽሑፍ ነው። ድንጋዩ ላይ ሃይማኖታቸውንና የኮንፊሽየስን ትምህርት አስማምተው ጽፈዋል፤ ለጎረቤት ራስን ማስተዋወቅ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእነሱን ስም ግን ያወጣው ጎረቤት ነው፦ «ጅማት የሚያወጡት»። ያዕቆብ ሌሊቱን ሲታገል ጭኑ ላይ የተነካውን ጅማት አይሁድ እንደማይበሉ ዘፍጥረት ላይ ተጽፏል። የካይፈንግ ሰው ስለ ኦሪት አያውቅም፤ ሥጋ ሲበለት ግን ያያል። «ሰማያዊ ቆብ ያደረጉ ሁዊዎች» የሚልም ስም ነበራቸው። ለመንደሩ ሰው አሳማ የማይበላ ሁሉ ሁዊ ነው፤ እነዚህ በቆብ ይለያሉ፣ አለቀ።

በ1605 ከእነዚህ አንዱ፣ አይ ቲየን የተባለ ምሁር፣ ለመንግሥት ሥራ ጉዳይ ቤጂንግ ሄደ። አንድ አምላክ የሚያመልኩ ግን ሙስሊም ያልሆኑ ፈረንጆች እዚያ እንዳሉ ሰምቷል። «የእኛ ሰዎች ናቸው» ብሎ ወደ ሪቺ ቤት መጣ። ግድግዳው ላይ እመቤታችን ሕፃኑን ኢየሱስንና ዮሐንስን ይዛ የተሳለችበት ሥዕል ነበር። አይ ቲየን ርብቃ ከያዕቆብና ከዔሳው ጋር መሰለችው፤ እጅ ነሣ። ሪቺ ደግሞ በቻይና የጠፉ ጥንታዊ ክርስቲያኖችን ያገኘ መሰለው። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሥዕል፣ ሁለት ሃይማኖት። ሁለቱም ሌላውን በራሳቸው ሳጥን ውስጥ ነው የከተቱት።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ይከብዳል። በ1642 ከተማዋ በጦርነት ተከባ ሳለ ግድቡ ተሰብሮ ቢጫ ወንዝ ካይፈንግን አጠፋት። ምኩራቡ በ1663 እንደገና ተሠራ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጨረሻው ረቢ ሞተ፤ ዕብራይስጥ የሚያነብ ጠፋ። በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ምኩራቡም ፈረሰ፣ ጥቅልል መጻሕፍቱም ለውጭ ሰዎች ተሸጡ። የቀረው የቤተሰብ ስምና «እኛ አይሁድ ነን» የሚል የአያት ቃል ነው።

ያ ቃል ዛሬም አለ። ግን የት ይመዝገብ? በቻይና መንግሥት ዘንድ አይሁድ ከ56ቱ ብሔረሰቦች አይደሉም፣ ይሁዲነትም ከአምስቱ ሃይማኖቶች አይደለም። መታወቂያቸው ሃን ወይም ሁዊ ይላል። ወደ ሌላኛው መዝጋቢ ቢሄዱ፣ የይሁዲ ሃይማኖት ሕግ አይሁድነትን በእናት በኩል ይቆጥራል፤ የካይፈንግ ሰዎች ግን እንደ ቻይና ወግ የዘር ሐረጋቸውን የቆጠሩት በአባት በኩል ነው። ስለዚህ እስራኤል የገቡት ጥቂቶች እንደ አዲስ አማኝ መግባት ነበረባቸው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1973 ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። ሆኖም በሱዳን በረሃ ሞትን ተሻግረው እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን በውሃ የመንጻት ሥርዓት ካልፈጸሙ ጋብቻቸው እንደማይመዘገብ ተነገራቸው። በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት አንድ ወር ገደማ ተቀምጠው ተቃወሙ። ነገሩ ውሃው ውስጥ የመግባትና ያለመግባት አልነበረም። አንዴ ከገቡ «እስከ ዛሬ አልነበርንም» ብለው እንደ መፈረም ነው፤ አባቶቻቸው ዋጋ ከፍለው ያቆዩትን በአንድ ፊርማ ባዶ ማድረግ ነው።

ከካይፈንግም ከጎንደርም የምማረው ይህንን ነው፦ መዝጋቢ «አላውቅህም» ሲል የሚያዛባው የዛሬውን ሰው ብቻ አይደለም። ወደ ኋላ ሄዶ የሞቱትንም ይሰርዛል።

ስም ማጣት ያዳነው

እስካሁን ያልኩት ሁሉ «እንግዲያው ሁሉም ይመዝገብ፣ ለሁሉም ሳጥን ይጨመር» የሚያሰኝ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

ማኒን ታውቁታላችሁ። ስሙን ባታውቁት እንኳ ንግግሩን ሰምታችኋል፤ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን አክሱምን ከዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት አንዷ አድርጎ የቆጠረው ሰው ነው። የታሪክ መጽሐፎቻችን ይህችን ነገር አይዘሏትም። የማንዘረዝረው ማኒ ማን እንደነበረ ነው። በሜሶጶጣሚያ የተወለደ የራሱ ሃይማኖት መሥራች ነበር፤ ብርሃንና ጨለማ ስለሚያደርጉት ጦርነት የሰበከ፣ በፋርስ እስር ቤት የሞተ። ሃይማኖቱ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ቻይና ደረሰ። በየደረሰበትም ተሳደደ፦ በሮም፣ በፋርስ፣ በሙስሊም ከሊፋዎች ዘመን፣ በቻይናም። ዛሬ ማኒያዊ ነኝ የሚል ሕዝብ የለም ማለት ይቻላል።

ግን ፉጂየን ውስጥ ጂንጂያንግ በሚባል ቦታ ጻኦአን የምትባል ትንሽ ቤተ መቅደስ አለች። ውስጧ በ1339 ከዓለት የተቀረጸ ምስል ተቀምጧል። ፂም አለው፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ከኋላው የብርሃን ጨረር ተስሏል። የአካባቢው ሰው ለብዙ ትውልድ «የብርሃን ቡድሃ» እያለ ዕጣን ሲያጨስለት ኖሯል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች መጥተው ማንነቱን ለዩት፦ ማኒ ነው። ዛሬ ከቹዋንዡ ከተማ ጥንታዊ ቦታዎች ጋር በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ምስሉ ለምን ተረፈ? በራሱ ስም ስላልተጠራ ነው። የንጉሥ ሰዎች ማኒያውያንን ሲፈልጉ ያገኙት ቡድሃ ነው። የተሳሳተ ሳጥን ሕይወት አተረፈ። ዋጋው ግን ተከፍሏል፤ ዕጣን የሚያጨሱት ሰዎች ማኒ ያስተማረውን አያውቁም። ፊቱ ቀርቷል፣ ቃሉ ሄዷል። መደበቅ ያድናል፤ ብዙ ከቆየ ግን የተደበቀው ሰው ራሱም ማን እንደነበረ ይረሳል።

ኮለሙ ሲሞላ

አሁን የሙያ ጓደኞቼን በቀጥታ የሚመለከተው ቦታ ላይ ደርሰናል።

በ2020 መጀመሪያ ላይ ከሺንጂያንግ፣ ካራካክስ ከምትባል ወረዳ፣ 137 ገጽ ያለው ሰነድ ሾልኮ ወጣ። ይዘቱ ሠንጠረዥ ነው፤ ረድፍና ኮለም። የታሰሩ 311 ኡይጉሮችን ከነቤተሰቦቻቸው ይዘረዝራል። ኮለሞቹ ውስጥ ምን አለ? ይሰግዳል ወይስ አይሰግድም፣ ፂም አሳድጓል፣ ሚስቱ ተሸፋፍናለች፣ ፓስፖርት ጠይቋል፣ ልጆቹ ከተፈቀደው በላይ ናቸው፣ ቤተሰቡ ሃይማኖተኛ ነው። በመጨረሻ ደግሞ ውሳኔ አለ፤ ይፈታ ወይስ ይቆይ። ከዚያ በፊት በ2019 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሺንጂያንግ ፖሊስ የሚጠቀምበትን የስልክ አፕ ፈትቶ አይቶ ነበር። አፑ ትኩረት የሚሻ ነው ከሚላቸው ሰዎች መካከል ለመስጊድ በጋለ ስሜት ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው እና በፊት ለፊት በር መውጣት የማያዘወትር ሰው ይገኙበታል። የቻይና መንግሥት ማዕከሎቹ የሙያ ማሠልጠኛ ነበሩ፣ ሥራውም ሽብርን መከላከል ነው ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2022 ባወጣው ሪፖርት ግን የተፈጸመው በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን ይችላል ብሏል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የሠንጠረዡ ተራነት ነው። ማናችንም ልንሠራው የምንችለው ዓይነት ነው። አንድ ቦታ አንድ ፕሮግራመር «አዲስ ኮለም ጨምር» የሚል ሥራ ደርሶታል፤ ጨምሯል፤ ቶሎ እንዲከፈት አስተካክሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። ኮለሙ ግን «ትሰግዳለህ?» የሚል ነው። ሐላል ካፌ ለማዘጋጀትም ያው ኮለም ያገለግላል። ለእስርም ያው። በኮዱ ውስጥ ልዩነት የለም።

ታዲያ ፎርም አንሥራ?

ችግሩ ይኸው ነው። ካልተመዘገብክ እንደ ካይፈንግ ሰዎች ሁለት በር ላይ ቆመህ ትቀራለህ። ተደብቀህ ብትኖር እንደ ማኒ ምስል ፊትህ ይቀርና ቃልህ ይጠፋል። ብትመዘገብ ደግሞ መዝገቡ አንድ ቀን የማንን ስም እንደሚጠራ አታውቅም። «መንግሥት ያለ መዝገብ አይሠራም» የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ ትምህርት ቤት፣ መቃብር፣ በዓል ያለ ቁጥር አይታቀድም። «መዝገብ አደገኛ ነው» የሚለውም እውነት ነው።

ለእኔ መውጫው ያለው ስም በመኖርና ባለመኖር ላይ አይደለም። እስክሪብቶው በማን እጅ ነው የሚለው ላይ ነው። ይህን በሁለት ጣሪያ ላሳይ።

ሺያን ከተማ ያለው ታላቁ መስጊድ ሚናራው እንደ ቻይና ማማ ነው፤ ግቢው ከዛፍና ከአግዳሚ በር ጋር የቻይና ቤተ መቅደስ ይመስላል። ይህን የሠሩት ሙስሊሞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ቻይናዊነታቸውንና እስልምናቸውን በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀመጡ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ናንጂንግ ውስጥ ሊዩ ዢ የተባለው ሊቅ የእስልምናን ትምህርት በኮንፊሽየስ ቋንቋ ሲጽፍ ያደረገው ተመሳሳይ ነው። ካይፈንግ ውስጥ ደግሞ ዋንግጂያ በምትባል ጠባብ መንደር በ1820 የተሠራ የሴቶች መስጊድ አለ፤ የሚመሩትም «አሆንግ» የሚባሉ ሴቶች ናቸው። ይህን ሳጥን ማንም መዝጋቢ አላዘጋጀላቸውም። ራሳቸው ሣሉት።

ሁለተኛው ጣሪያ ኒንግሺያ ውስጥ ዌይጆ የሚባለው መስጊድ ነው። በ2018 ባለሥልጣናት መስጊዱን ሊያፈርሱ ነው ሲባል ሕዝቡ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። በኋላ ጉልላቶቹ ወርደው በቻይና ዓይነት ጣሪያ ተተኩ። ሃይማኖትን ቻይናዊ ማድረግ የሚባል ፖሊሲ ነው። ከሩቅ ፎቶ ላነሳ ሰው ሁለቱ መስጊዶች አንድ ዓይነት ጣሪያ አላቸው። አንዱ ግን ሰው ስለ ራሱ የተናገረው ነው፤ ሌላው ስለ እሱ የተነገረው።

ስለዚህ ፎርም ለሚሠራ ሰው፣ ለራሴም ጭምር፣ ሦስት ጥያቄ አለኝ። ሰውየው እምነቱን በራሱ ቃል መጻፍ ይችላል ወይስ ከዝርዝራችን ብቻ ይመርጣል? ባዶ ቢተወው የሚቀርበት ነገር አለ? ነገ ቢፈልግ ማጥፋት ይችላል? ሦስቱም መልስ ካላገኙ ያ መስመር ባይኖር ይሻላል፤ አለቃ ቢቆጣም። ደግሞ ይህን ለቻይና ብቻ ብለን እንዳንዘጋው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራችን ላይ ከታላላቆቹ ሃይማኖቶች ቀጥሎ «ባህላዊ» እና «ሌላ» የሚሉ ሳጥኖች ነበሩ። ዋቄፈታን የሚከተል ሰው ፈጣሪውን በስሙ ይጠራል፤ እኛ ግን «ባህላዊ» ብለነው አለፍን። «ሌላ» ማለት ከማን ሌላ ነው?

ወደ አይ ቲየንና ወደ ሪቺ ልመለስ፤ ታሪካቸው ያለቀው በሥዕሉ ላይ አይደለምና። ሲነጋገሩ ሁለቱም መሳሳታቸው ገባቸው። ሪቺ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቻይናዊ ወንድም ወደ ካይፈንግ ልኮ መጻሕፍቱን አስመለከተ፤ ኦሪቷ ያችው ኦሪት ሆና ተገኘች። ሪቺ መሲሑ መጥቷል ብሎ ለረቢው ጻፈ። ረቢው ገና ነው ብለው መለሱ። ነገር ግን የሪቺን ዕውቀት ሰምተው ነበርና አሳማ መብላት ትቶ ከእነሱ ጋር ለመኖር ከፈቀደ የምኩራቡን አለቅነት እንደሚሰጡት ጨምረው ላኩለት። ሪቺ አልሄደም። ማንም ሃይማኖቱን አልለወጠም፣ ማንም አልተመዘገበም። ግን «ማን ነህ?» ተባባሉ፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ የተሳሳቱትንም አረሙ። እስካሁን ይህን ማድረግ የሚችል ፎርም አላየሁም። ታክሲ ውስጥ «የላቸውም» የሚለው ወዳጃችን ግን ይችላል፤ አጠገቡ የሚሠራውን ሰው መጠየቅ ብቻ ነው የሚቀረው።